የጭፈራው በግ

ሩተንባህ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1962

ውድ አክስቴ ቫልቡርጋ፣

ከጥቁር ደን ግርጌ እስከ ብሬመን ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ደብዳቤዎን ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰበብ መደርደር አልፈልግም፤ መልሱ ስላሳፈረኝ ነው።

አዎ፣ እውነት ነው። ጨፍሬያለሁ። አበባውም እጄ ላይ ቀርቷል። ማን እንደነገረዎት አልጠይቅም፤ ይህ መንደር ወሬውን ከባቡር ቀድሞ ያደርሳል።

እርስዎ እዚህ ኖረው ስለማያውቁ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። በቤተ ክርስቲያኑ በዓል ማግስት፣ ሰኞ ከሰዓት፣ አሥራ ሁለት ጥንዶች አደባባዩ ላይ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። መሃል ላይ ሪባን ያሰረ በግ ይቆማል። አንድ እቅፍ አበባ ከጥንድ ወደ ጥንድ ይተላለፋል፤ ባልዲ ውስጥ የተደበቀ የደወል ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ ሲጮህ አበባው የተገኘበት ሰው በጉን ይወስዳል። እኔ ሳህን አጥቤ እጄን እየጠረግሁ የምሠራበት የእንግዳ ማደሪያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዜቬሪን የሚባለው ዳቦ ጋጋሪ፣ ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት የሆነው፣ የጭፈራ ጓደኛው እግሯ ወለም ብሏት ብቻውን ቀረና ወደ እኔ መጣ።

«ወይዘሮ ሃንከ፣ እግር አለዎት አይደል?»

«አለኝ፤ ግን ሳህኑ ገና—»

«ሳህን አይጨፍርም። ይምጡ!»

ሁለት ዙር እንኳ አልዞርንም፤ ባልዲው ጮኸ። ከሙዚቀኞቹ አንዱ «በጉ ራሱ ደነገጠ!» ብሎ ሲጮህ አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። በጉን ያገኘ ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ ጠብሶ ለጨፋሪዎቹ፣ ለሙዚቀኞቹ፣ ለከንቲባውና ለቄሱ፣ በድምሩ ለሠላሳ ሰው ማብላት እንዳለበት ትዝ ያለኝ ከሳቁ በኋላ ነው። ቀኑ ኖቬምበር 17፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሆኗል።

አክስቴ፣ እዚህ መንደር የጭፈራውን በግ ወዶ የሚበላ የለም። ሳምንት ሙሉ በሆምጣጤ ይዘፈዝፉታል፣ ይጠብሱታል፣ ሦስት ጉርሻ ይቀምሳሉ፣ ከዚያ የቼሪ አረቄ ይደፉበታል። ወግ ስለሆነ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሳህን ላይ የጠረግሁት እኔ ነኝና የሚመለሰውን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

አቶ ሩፕ፣ የማደሪያው ባለቤት፣ አብሳዩ በበጋ ጥሎት ከሄደ ወዲህ ሚስቱ እያጉረመረመች ነው የምታበስለው። ያን ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ ምን አለኝ መሰለዎት? «ሴልማ፣ ሠላሳው ሳህን ባዶውን ከተመለሰ ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው። ሥጋው ከተመለሰ ግን ከከተማ ሰው አስመጣለሁ፤ አንቺም ወደ ሳህን ማጠቢያ ገንዳሽ!» ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ደገመልኝ።

እፈልገዋለሁ፣ አክስቴ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ግን እጽፋለሁ፤ እፈልገዋለሁ። እርስዎ ከመፈናቀላችን በፊት በሽሌዚያ በባሮኑ ወጥ ቤት ለፋሲካ በግ ሲጠብሱ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት ስልጥ ነበር። ሽታውን አስታውሳለሁ፤ እጅዎን ግን አላየሁም። እንዴት ነበር የሚሠሩት?

አክባሪዎ ሴልማ


ብሬመን፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1962

ሴልማ፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ፈልጊው።

አይ፣ አልተናደድኩብሽም። አርባ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት አንድ ጊዜ ብትጨፍር ማን ይናደዳል? ያናደደኝ ሆምጣጤው ነው። በግ ነው ወይስ ኪያር የሚዘፈዝፉት? ሳምንት ሙሉ! ጫማም ቢሆን ሳምንት ሆምጣጤ ውስጥ ቢያድር ሦስት ጉርሻ ይወጣዋል።

የምነግርሽን ገልብጠሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። የበግ ሽታ ቀዩ ሥጋ ውስጥ አይደለም። ስቡ ውስጥና ከላይ በሸፈነው ስስ ቆዳ ውስጥ ነው። ሁለቱንም ግፈፊ፤ «ይህቺ ብትቀር ምን አለበት» የምትይዋን ጭምር። የኋላ እግሩ ላይ፣ በሁለቱ ጡንቻዎች መሃል፣ ስብ ውስጥ የተቀበረች ዕጢ አለች፤ ለውዝ ታህላለች። እሷን ያላወጣ ሰው ሌላው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ባሮኑ ቤት አዲስ የመጣ አብሳይ ሁሉ በዚህች ዕጢ ነበር የሚፈተነው።

ከዚያ ሁለት ቀን በአሬራ። ወተት አላልኩም፣ እርጎ አላልኩም። ስታወጪው አትጠቢው፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው። ጨው፣ ሰናፍጭ፣ ጦስኝ፣ አምስት ስድስት የተፈጨ የጥድ ፍሬ። ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ፤ እንዳይታይ አድርገሽ ሥጋው ውስጥ ሸጉጪው፤ የናንተ ሰዎች ካዩት ይጮሃሉ፣ ካላዩት ይበላሉ። ከሥሩ ካሮት፣ ሽንኩርትና የተከሰከሰው አጥንት። ወይን በመጠኑ።

እሳቱ ዝግ ያለ ይሁን። ዳቦው የወጣበት ምድጃ ከሁሉም ይሻላል፤ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ሥጋውን አያስቆጣም። ያ ዳቦ ጋጋሪሽ የሚጠቅመው ለጭፈራ ብቻ ነው? ምድጃ የለውም? ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት መሆኑንስ ለምን ጻፍሽልኝ?

አስቀድመሽ በአንድ ወርች ሞክሪው።

የጤናዬን ነገር ተይው። ብሬመን ይዘንባል። ሰላም ላንቺ ይሁን።

ቫልቡርጋ


ሩተንባህ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1962

ውድ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከሥጋ ሻጩ አንድ ወርች ገዛሁ፤ ስቡን ገፈፍሁ፤ አሬራ ውስጥ አሳደርሁ። ዜቬሪን ምድጃውን ሰጠኝ። ሲወጣ ጫፉን በጣቴ ቆርሼ ቀመስሁ፤ አክስቴ፣ የባሮኑ ወጥ ቤት አፌ ውስጥ ገባ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ቆርጬ፣ ሳህን ላይ አሳምሬ፣ ለአቶ ሩፕና ለሚስቱ ወሰድሁላቸው። ሩፕ ከአንድ እህል ነጋዴ ጋር እየተከራከረ ነበርና ቆሜ ጠበቅሁ።

ሩፕ ሦስት ጉርሻ በላ። ሦስት፣ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ሹካውን አስቀመጠና «ሽታው የለም፤ እውነቱን ለመናገር የለም። ግን ላንቃዬ ላይ ሻማ የተንጠባጠበ ይመስለኛል» ብሎ አረቄውን ሳበ። ሚስቱም «ምን ትጠብቃለህ? በጀርባ ቦርሳ የመጣ ሰው የሚበላው እንዲህ ነው» አለች። እኛን ከሽሌዚያ የመጣነውን ዛሬም እንዲህ ነው የሚሉን፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቦርሳው ከጀርባችን አልወረደም።

ወጥ ቤት ተመልሼ መጥበሻው ላይ የቀረውን ቀመስሁ። ይጣፍጣል። ከእነሱ ሳህን ላይ የተመለሰውን ቀመስሁ። ሻማ ነው። ያው ወርች፣ ያው እጅ። አልገባኝም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሳፈርኩዎት። በጉን ለሩፕ ሚስት ሰጥቼ እንደ ወትሮው በሆምጣጤ ትሥራው ይሆን?

ስለ ዜቬሪን የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። እርስዎም ስለ ጤናዎ አልጻፉልኝም፤ የጽሑፍዎ መስመር ወደ ታች ይንሸራተታል። ዓይንዎ ምን ሆነ?

ሴልማ


ሩተንባህ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1962

ውድ አክስቴ፣

አስቸኳይ ካርድዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሰላምታ የሌለው ካርድ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ቁጣዎ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ሳህኖቹ የሚቀመጡት በኋላው መተላለፊያ፣ ድንጋይ ወለል ላይ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አዎ፣ ይቀዘቅዛሉ፤ በኖቬምበር ሳወጣቸው ጣቴን ያደነዝዙኛል። ያን ቀን ለሩፕ ያቀረብሁትም ከዚያው ባወጣሁት ሳህን ነው።

ከሳህን እስከ አፍ ስንት ደቂቃ ነው ላሉኝ፣ በነጋዴው ክርክር ምክንያት ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። የበዓሉ ቀን ግን ከዚያም ይረዝማል። ወጉ እንዲህ ነው፦ ሥጋው ለሁሉም ይታደላል፤ ከዚያ ከንቲባው ይነሳና በሥጋው ፊት ንግግር ያደርጋል፤ እሱ ጨርሶ ጽዋ ሳያነሳ ሹካ የሚያነሳ የለም። አምና ሲናገር ሁለት ዙር ብርጭቆ አጥቤ አድርቄያለሁ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

አዎ፣ መስኮቱም ይከፈታል። ሲጋራ ያጨሳሉ።

ለምን እንደጠየቁኝ ግን አልገባኝም። አሁንም ስለ ዓይንዎ አልነገሩኝም።

ሴልማ


ብሬመን፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1962፣ አስቸኳይ

ሴልማ፣

ጽሑፉ የእኔ ስላልሆነ አትደንግጪ። እኔ እናገራለሁ፣ ነርሷ ትጽፋለች። ዓይኔን ቀደውኛል፤ በጨርቅ ታስሮ ተኝቻለሁ፤ ሳምንት ቆይቶ ይፈታል። ያልነገርኩሽ ሻንጣሽን ይዘሽ እንዳትመጪብኝ ነው። በዚህ ነገር ከዚህ በላይ አንነጋገርም።

በጉን ለማንም እንዳትሰጪ! ጠላትሽ በጉ አይደለም፤ ከንቲባው ነው።

የበግ ስብ እንደ አሳማ ስብ ታጋሽ አይደለም። ሥጋው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ስብ ሙቅ ሳለች ቅቤ ናት፤ ቀዝቃዛ ሳህን ሲነካት ሞራ ትሆናለች። እነዚያ ሰዎች ስንት ዘመን በቀዘቀዘ ሳህን፣ በተከፈተ መስኮት፣ ግማሽ ሰዓት ንግግር እየሰሙ በጉን ገድለው ገድለው «በግ አይበላም» ይላሉ። ሆምጣጤም አረቄም ያመጡት ለዚህ ነው። በግ በልተው አያውቁም ልጄ፤ የበሉት ሻማ ነው።

ሳህኖቹን እጅ እስኪያቃጥሉ አሙቂያቸው። ባሮኑ ቤት ሳህን ሳይሞቅ በግ ያቀረበ አሳላፊ በዚያው ሳምንት ወደ በረት ይዛወር ነበር። ንግግሩን ደግሞ ከምግቡ በፊት አድርጉት ብለሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ እኔ እዚህ ታስሬ ተኝቻለሁ፤ አንቺ ነሽ የቆምሽው።

ቫልቡርጋ

(ነርሷ ነኝ። ታካሚያችን ደህና ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ስለ በግ ስለሚያወሩ ግን ስድስቱም አልጋ የሆስፒታሉን ሾርባ አልበላም ብሏል። እባክዎ ውጤቱን ያሳውቁን።)


ሩተንባህ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1962

ውድ አክስቴ፣

እንዳሉኝ መጥቼ አላስታምምዎትም፣ አልቆጣዎትምም፤ ስለ ዓይንዎ ያለቀስሁትም ለብቻዬ ነው። እግዚአብሔር ይማርዎ።

ይህን ለምታነብልዎት ነርስ ሰላምታ ያቅርቡልኝ፤ መልሱ ይኸው፦ እምቢ አሉኝ። ሩፕን ለመንሁት። «ንግግሩ በሥጋው ፊት ነው የሚደረገው። አያቴም እንዲህ ነው ያገኘው። ለአንድ ወርች ብዬ ከንቲባውን ላስቀይም?» አለኝ። ስለ ሳህኖቹ ስጠይቅ ደግሞ ሚስቱ ሳቀች። «ሳህን ማሞቅ! እኛ ሳህን ታቅፈን አናስተኛም!»

በጉ ታርዷል። ስቡን ገፍፌ ጨርሻለሁ። ሁለቱንም ዕጢዎች አገኘኋቸው፤ ለውዝ ያህላሉ። አሁን አሬራ ውስጥ ተኝቷል። ሳህኖቹን ዜቬሪን ደብቆ እንደሚያሞቅልኝ ቃል ገብቷል። ለከንቲባው የሚሆን ምድጃ ግን የለኝም።

አክስቴ፣ እኔ እኮ አዳራሹ ውስጥ ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም። ሳህን አነሳለሁ፣ እወጣለሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሴልማ


ሩተንባህ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1962

ውድ አክስቴ ቫልቡርጋ፣

ነርሷ ይህን ጮክ ብላ ታንብብ፤ ስድስቱም አልጋ ይስማ።

ሳህኖቹ ባዶ ተመለሱ። ሠላሳውም! እንዳይጨነቁ ብዬ ነው አስቀድሜ የጻፍሁት። አሁን በዝግታ ልንገርዎት።

ዜቬሪን የመጨረሻውን ዳቦ ሲያወጣ በጉን አስገባን። አራት ሰዓት ቆየ። በየግማሽ ሰዓቱ እየከፈትሁ መረቁን በማንኪያ አጠጣሁት። ሲወጣ መልኩ እንደ አሮጌ ቫዮሊን ሆኖ ነበር። ፎሶልያውን በቅቤ አዘጋጀሁ። የሩፕ ሚስት «እዚህ አገር ኑድል ነው» ብትልም የእኛን የድንች ድቡልቡል ሠራሁ፤ መሃሉን በአውራ ጣቴ ጎድጎድ አደረግሁት፤ መረቁ የሚተኛበት።

ሳህኖቹን በዳቦ ቅርጫት፣ በዳቦ ጨርቅ ጠቅልለን አደባባዩን አቋረጥን። የሩፕ ሚስት አንዱን ብድግ ስታደርግ «ዋይ! ያቃጥላል!» ብላ ጮኸች።

«አዎ» አልኳት፤ «ያቃጥላል።»

ሥጋው ታደለ። የከንቲባውን ሳህን ራሴ ነበርሁ የያዝሁት። ገና ፊቱ ሳላስቀምጠው ተነሳ፤ ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ፤ መነጽሩን አደረገ። ሹካውን የነካ ሰው የለም። ከሥጋው ላይ እንፋሎቱ ሲነሳ አየሁት፤ እየሳሳ ሲሄድም አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት ከበር ኋላ የሰማሁት ንግግር ሊጀመር ነው። «የተወደዳችሁ ወገኖቼ» አለ።

«አቶ ከንቲባ፣ ይቀመጡ» አለ አንድ ሰው።

እኔ ነበርሁ፣ አክስቴ። ድምፄን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው።

ከንቲባው በመነጽሩ አናት አየኝ። «ወይዘሮ ሃንከ፣ ምን አሉ?»

«ይቀመጡና ይብሉ። በጉ ይበርዳል።»

«ንግግሬ ስምንት ገጽ ነው!»

«አውቃለሁ። ከበሉ በኋላ ስምንቱንም ቆሜ እሰማዎታለሁ። እዚህ መንደር በግ የማይበላው በጉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እርስዎ ረጅም ስለሚናገሩ ነው።»

ሩፕ ከመጠጥ ባንኮኒው ኋላ ፊቱ አመድ መሰለ። ቄሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ያን ጊዜ ከሙዚቀኞቹ መሃል መለከት ነፊው፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ «አሎይስ፣ ተቀመጥ በቃ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲበርድ ነው የበላሁት፤ አንድ ጊዜ በሙቁ በልቼ ልሙት!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከንቲባውም ቆሞ መቅረት ስላልቻለ ተቀመጠ፤ ሳህኑንም ፊቱ አስቀመጥሁለት።

ሹካውን ያነሳው ምን ብሎ እንደሚመልስልኝ እስኪያስብ ይመስለኛል። ጎረሰ። አላመጠ። አየኝ። ሌላ ጎረሰ። ሦስተኛውን ቆጠርሁ፤ አራተኛው ላይ መቁጠሬን ተውሁ።

ከዚያ ማንም አልተናገረም። ይህን ዝምታ እንዴት ብዬ ልጻፍልዎት? ሠላሳ የሩተንባህ ሰው በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ከቢላና ከሹካ በቀር ድምፅ አልነበረም። መለከት ነፊው ድቡልቡሉን በጣቱ እየነካ «ይህቺ ጉድጓድ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «መረቁ የሚተኛበት» ስለው «የሽሌዚያ ሰው ብልህ ነው» ብሎ ሁለት ጨመረ። የአረቄ ብርጭቆዎቹን ሳነሳ ሠላሳውም አረቄ ሳይቀዳባቸው ደረቅ ነበሩ። አንድ እንኳ አላጠብሁም።

ከንቲባው ተጨማሪ ጠየቀ። አልቋል አልነው። አላመነም፤ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ወጥ ቤት ድረስ መጣና መጥበሻውን ጠርጎ በላ። ተመልሶ ሲነሳ ስምንቱን ገጽ አየት አድርጎ አጠፋቸው። «ወገኖቼ፣» አለ፣ «እስከ ዛሬ ሳንበላ ነው የኖርነው።» ተቀመጠ። ንግግሩ ይኸው ነበር፤ ቃሌን ጠብቄ ቆሜ ሰማሁት።

ሩፕ ማታውኑ ውሉን ጽፎ አመጣ። አንብቤ ሁለት ቦታ አስተካከልሁና ፈረምሁ። ከወጥ ቤቱ በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ቁልፍም ሰጠኝ።

ስለ ዜቬሪን ጠይቀውኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ ቅርጫቶቹን ስመልስለት «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» አለኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ነርሷ እያነበበች ነው።

ትናንት እሑድ ማለዳ ወጥ ቤቱን ከፍቼ ገባሁ። በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ በመጀመሪያ የምሄደው ወደ ገንዳው ነበር፤ ትናንትም እግሬ ለምዶበት ወደዚያው ወሰደኝ። ገንዳው ጋ ሰው አለ። የሩፕ ሚስት እጅጌዋን ሰብስባ የቅዳሜውን መጥበሻ ትፈትጋለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ሴልማ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ወይዘሮ ሃንከ፣» አለች፣ «ለምሳ አርባ ሰው ቦታ ይዟል። ዛሬ ምን እናበስላለን?»

ሽርጤን አሰርሁና ነገርኳት።

አክባሪዎ
ሴልማ ሃንከ
የሩፕ ማደሪያ ዋና አብሳይ